ፍላጻው ከእጅ ከወጣ በኋላ



አንድ ሰው አደን ወጣ እንበል። ኒያው የተስተካከለ ነው፤ የሚያድነው ለጨዋታ ሳይሆን ለቤተሰቡ ሐላል ሥጋ ለማቅረብ ነው። ደጋኑን ስቦ ፍላጻውን ሲለቅም «ቢስሚላህ» ብሏል። ፍላጻው ግን የእንስሳውን ሳንባ ስቶ ሆዱን መታው። እንስሳው ቆስሎ ሮጠ፤ ጫካ ገባ፤ ደሙም እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ይህ ሰው በአላህ ፊት የሚጠየቅበት ነገር አለን? ወይስ ኒያው መልካም ስለነበረና የአላህንም ስም ስላወሳ ጉዳዩ በዚያው ያበቃል?

ብዙዎቻችን ቶሎ ብለን «ሥራ በኒያ ነው» የሚለውን እናስታውሳለን። እውነት ነው፤ ሥራ በኒያ ነው። ነገር ግን ኒያ ከመልካም ምኞት በላይ ነገር ነው። መልካሙን የፈለገ ሰው ወደ መልካሙ የሚያደርሰውን መንገድ ካልፈለገ፣ በእርግጥ ፈልጎታል ማለት ይቻላልን? ዛሬ ከእናንተ ጋር ልናስብበት የፈለግነው ይህንን ነው። ለመነጋገሪያም የመረጥነው የቀስት አደንን ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ሙያ ውስጥ በምኞትና በሥራ መካከል ያለው ርቀት በሜትር ይለካልና።

ቀስት በኢስላም ውስጥ ያለው ክብር ለአንባቢያን እንግዳ አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በሚንበር ላይ ሆነው ኃይልን ስለማዘጋጀት የሚናገረውን የሱረቱል አንፋል አንቀጽ ካነበቡ በኋላ፣ ኃይል ማለት ፍላጻ መወርወር መሆኑን ሦስት ጊዜ ደጋግመው እንዳስገነዘቡ ዑቅባ ኢብን ዓሚር (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። እኚሁ ሰሓባ ካረጁ በኋላ እንኳ በሁለት ኢላማዎች መካከል እየተመላለሱ ይለማመዱ ነበር። በዚህ ዕድሜዎ ይህን ለምን ይደክሙበታል ተብለው ሲጠየቁም፣ ውርወራን ተምሮ የተወ ሰውን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዴት እንደገሠጹ መስማታቸውን ተናገሩ። ሁለቱም ዘገባዎች በሶሒሕ ሙስሊም ተመዝግበዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ሽማግሌው የሚመላለሱት በሁለት ኢላማዎች መካከል ነው። ይህም ማለት ከወረወሩ በኋላ በእግራቸው ሄደው ፍላጻቸው የት እንዳረፈ በዓይናቸው ያያሉ፤ ይነቅላሉ፤ ከዚያም መልሰው ይወረውራሉ። የወረወረ ሰው ያረፈበትን ሄዶ ማየት አለበት።

ወደ ዘመናችን እንምጣ። በአሜሪካ ከሚኖሩ ሙስሊሞች መካከል የአጋዘን ሥጋ በራሳቸው እጅ አድነው ለማግኘት ደጋን የሚያነሱ አሉ። በሀገሩ ሕግ ለቀስት አደን የተለየ ወቅት ተመድቦለታል፤ ለምሳሌ ከሀገራችን የሄዱ ብዙ ቤተሰቦች በሚኖሩባት በሚኒሶታ የቀስት የአጋዘን አደን የሚከፈተው በሴፕቴምበር አጋማሽ፣ በእኛ የአዲስ ዓመት ሰሞን ነው። ደጋኑ ግን አያቶቻችን የሚያውቁት ዓይነት አይደለም። «ኮምፓውንድ» ይባላል። ሆሊስ አለን የተባለ የሚዙሪ ሰው በ1966 (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ መብት ጠይቆበት በ1969 አገኘ። በሁለቱ ጫፎቹ ላይ መዘውሮች ተገጥመውለታል። ገመዱን መሳብ ሲጀምሩ 30 ኪሎ ግራም ያህል ይከብዳል፤ መዘውሮቹ ሲዞሩ ግን ክብደቱ ይቀልና፣ ተስቦ ካለቀ በኋላ በእጅ የሚቀረው ስድስት ወይም ሰባት ኪሎ ያህል ብቻ ይሆናል። ቀስተኛው ክንዱ ሳይንቀጠቀጥ አስተካክሎ ለማነጣጠር ጊዜ የሚያገኘው በዚህ ነው።

በደጋኑ ወገብ ላይ ማነጣጠሪያ አለ። በውስጡ እንደ መርፌ የቀጠኑ፣ ጫፋቸው የሚያበራ ዘንጎች ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል። የላይኛው ለቅርብ ነው፤ እየወረዱ በሄዱ ቁጥር ለሩቅ ይሆናሉ። በገመዱም ላይ ትንሽ ቀለበት ተሰክታለች፤ ዓይን በእሷ ውስጥ አሻግሮ ዘንጉን ከኢላማው ጋር ያገናኛል። ማነጣጠሪያውን ማስተካከል ማለት ለየርቀቱ እየወረወሩ፣ ፍላጻው ካረፈበት አቅጣጫ ጋር ዘንጉን ማንቀሳቀስ ነው። ፍላጻው ወደ ቀኝ ከሄደ ዘንጉም ወደ ቀኝ ይገፋል፤ ዝቅ ካለ ዝቅ ይደረጋል። ዘንጉ ፍላጻውን ይከተላል እንጂ ፍላጻው ዘንጉን አይከተልም። ጀማሪዎች ይህን ገልብጠው ሲይዙት ስሕተቱ እየባሰ ይሄድባቸዋል።

ታዲያ አንድ ወንድም ክረምቱን ሙሉ ሲለማመድ ቆይቶ በ20፣ በ40፣ አልፎም በ60 ሜትር ላይ ሦስት ፍላጻዎችን መዳፍ በማይሞላ ቦታ ላይ ማሳረፍ ቻለ እንበል። ደስ አለው፤ ሊደሰትም ይገባዋል። እስካሁን የተለማመደው ግን በመለማመጃ ጫፍ ነው። ይህ ጫፍ ድቡልቡል ነው፤ ከኢላማው ፎም ውስጥ በቀላሉ ይነቀላል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ለአደን የሚያገለግለው ጫፍ ግን ሌላ ነው፤ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት እንደ ምላጭ የተሳሉ ሰፋፊ ስለቶች አሉት። ሁለቱን ሚዛን ላይ ቢያስቀምጧቸው እኩል ናቸው፤ የተለመደው ክብደት 6.5 ግራም ያህል ነው። ወንድማችን የመለማመጃውን ጫፍ ፈትቶ ባለ ስለቱን አሰረና በዚያው ደጋን፣ በዚያው ዘንግ፣ በዚያው ርቀት ወረወረ። ፍላጻው ከለመደው ቦታ አንድ ስንዝር ወደ ግራ ሄደ።

ምን ተፈጠረ? ክብደቱ አልተለወጠም፤ እጁም አልተለወጠም። ነገሩ እንዲህ ነው። በፍላጻው ኋላ ያሉት ክንፎች አየሩን እየያዙ ፍላጻውን ያቀናሉ። ፊት ላይ ያለው ሰፊ ስለትም እንደ ክንፍ አየር ይይዛል፤ እሱም በበኩሉ መምራት ይፈልጋል። ፍላጻው ከደጋኑ ቀጥ ብሎ ከወጣ ሁለቱ አይጣሉም፤ ባለ ስለቱም የመለማመጃውም አንድ ቦታ ያርፋሉ። ጥቂት እንኳ ተጣሞ ከወጣ ግን የፊተኛው ስለት ጥመቱን ይዞ ይሄዳል። በ20 ሜትር ላይ ልዩነቱ ሁለት ጣት ብቻ ሊሆንና ሰው ላያስተውለው ይችላል፤ በ60 ሜትር ላይ ግን ያፈጠጠ ይሆናል። ልብ በሉ፤ ጥመቱ ባለ ስለቱ ሲታሰር የመጣ አይደለም። ክረምቱን ሙሉ ነበረ። የኋላ ክንፎቹ ድቡልቡሉን ጫፍ ቶሎ እያቃኑት ስሕተቱን ሲሸፍኑለት ቆዩ እንጂ።

በዚህ ጊዜ ወንድማችን ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው አጭር ነው፤ ዘንጉን ወደ ግራ ገፍቶ ከባለ ስለቱ ጋር ማስማማት። ይህን ካደረገ ኢላማውን ይመታል፤ ችግሩ የተፈታም ይመስለዋል። ፍላጻው ግን አሁንም ተጣሞ ነው የሚበረው፤ ሲያርፍም ጉልበቱ ከጫፉ ጀርባ ቀጥ ብሎ ስለማይገፋው በሚገባ ዘልቆ አይገባም። ሁለተኛው መንገድ ረጅም ነው። የጥመቱን ምክንያት መፈለግ። እያንዳንዱን ፍላጻ በጫፉ አቁሞ እያሽከረከሩ ስለቱ የሚርገበገብ መሆን አለመሆኑን ማየት። ፍላጻው የሚያርፍበትን መቀመጫ ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ መጠን እየገፉ፣ ባለ ስለቱን ወደ መለማመጃው ማቅረብ። ደጋኑን ጨብጦ የሚያጣምመው የራሱ እጅ መሆኑንም መመርመር፤ ብዙ ጊዜ እጅ ነውና። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር የነካካ ሰው የትኛው እንደጠቀመው ስለማያውቅ፣ አንድ ነገር ነክቶ ደግሞ ይወረውራል፤ ሄዶም ያያል። ይህ የብዙ ቀን ሥራ ነው፤ አሰልቺም ነው።

ዐዲይ ኢብን ሓቲም (ረ.ዐ.) የታወቀው የቸሩ የሓቲም አጥ-ጧኢይ ልጅ ናቸው፤ አዳኝም ነበሩ። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) «ሚዕራድ» ስለሚባለው የአደን ዘንግ ጠየቁ። የተሰጣቸው መልስ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል፤ ሐሳቡም በስለቱ ወግቶ የገደለው እንደሚበላ፣ በጎኑ ደብድቦ የገደለው ግን እንደማይበላ የሚያስረዳ ነው፤ በምት የሞተ ነውና። እንግዲህ ተጣሞ የሄደ ፍላጻ ሁሉ በጎኑ መታ ማለታችን አይደለም፤ ስለቱ ቆዳውን እስከቀደደ ድረስ ፍርዱ ሌላ ነው። ነገር ግን የአላህ መልእክተኛ አዳኙን «ኒያህ ምን ነበር?» ብለው ብቻ እንዳላሰናበቱት እናስተውላለን። ዕቃው እንስሳውን በየትኛው ወገኑ እንደነካ ድረስ ወርደው ለይተዋል። የፍላጻው አካሄድ ለዲናችን ግድ የሚሰጥ ጉዳይ ነው ማለት ነው።

ስለ ስለት ከተነሣ ሌላም አለ። ሸዳድ ኢብን አውስ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትን የኢሕሳን ሐዲስ የማያውቅ ቤት ያለ አይመስለንም። አላህ በሁሉ ነገር ላይ ማሳመርን እንደደነገገ፣ አራጅም ቢላዋውን እንዲስልና የሚያርደውን እንስሳ እንዲያሳርፍ የሚያዘው ነው። በየዓመቱ የአረፋ ዋዜማ በየቤታችን ቢላዋ የሚሳለው በዚሁ ነው፤ ልጆችም ከአባታቸው አጠገብ ቁመው የሚያዩት የዲን ትምህርት ነው። የቀስት አዳኝም ቢላዋ አለው፤ ቢላዋው ያለው በፍላጻው ጫፍ ላይ ነው። ፎም ላይ ሁለትና ሦስት ጊዜ የተወረወረ ስለት ደግሞ ይዶለዱማል። ስለዚህ በባለ ስለት ጫፍ የሚለማመድ ሰው ለልምምድ የሚሆን ስለት ለብቻ፣ ለአደን የሚሆን አዲስ ስለት ለብቻ መያዝ አለበት፤ ወይም ከልምምድ በኋላ እንደገና መሳል ወይም ምላጩን መቀየር አለበት። ይህ ወጪ ያስወጣል። ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ደጋን የገዛ ሰው ምላጭ ላይ ሲቆጥብ ማየት ግን የሚገርም ነው። በድቡልቡሉ ጫፍ ብቻ ተለማምዶ፣ ባለ ስለቱን በአደኑ ዕለት ጠዋት የሚያስር ሰው ደግሞ ያልሞከረውን ቢላዋ ይዞ ወደ እንስሳው ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ርቀቱ እንግባ። ወንድማችን ሁሉንም አደረገ እንበል። ደጋኑን አቃና፤ ባለ ስለቱና መለማመጃው በ60 ሜትር ላይ አንድ ቦታ ያርፉ ጀመር። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ አናሳንሰውም። እንግዲህ በ60 ሜትር ላይ ቆሞ ለሚግጥ አጋዘን ፍላጻውን መልቀቅ ይገባዋልን?

ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ፍላጻው በሰከንድ 85 ሜትር ያህል ይበራል ብንል፣ 20 ሜትር ለመድረስ ከሩብ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። 60 ሜትር ለመድረስ ግን ሰባት ዐሥረኛ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። የገመዱ ድምፅ ደግሞ እንደማንኛውም ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ እንስሳው ዘንድ የሚደርሰው ከሁለት ዐሥረኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። አጋዘኑ ድምፁን ከሰማ በኋላ ፍላጻው እስኪደርስ ግማሽ ሰከንድ ያህል አለው። አጋዘን ሲደነግጥ ለመዝለል መጀመሪያ ጉልበቱን አጥፎ ወደ ታች ዝቅ ይላል፤ ቀስተኞች ይህን በደንብ ያውቁታል። ገዳይ የሆነው የልብና የሳንባ ቦታ ስፋቱ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ባይደነግጥ እንኳ፣ እየጋጠ በዝግታ አንድ እርምጃ ቢራመድ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሳንባው ከነበረበት ቦታ ሆዱ ይተካል። ደግሞም ርቀቱን 5 ሜትር ተሳስቶ ቢገምት፣ በ20 ሜትር ላይ ስሕተቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው፤ በ60 ሜትር ላይ ግን ፍላጻው ወደ ታች እየወደቀ ስለሚሄድ ከ20 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ይህን የመጨረሻውን በሌዘር ርቀት በሚለካ መነጽር መከላከል ይቻላል። ግማሿን ሰከንድ ግን የሚከላከል መነጽር የለም።

የፎሙ ኢላማ አይሰማም፤ አይደነግጥም፤ አይራመድም። ወንድማችን በ60 ሜትር ላይ ያረጋገጠው የራሱንና የደጋኑን ነገር ብቻ ነው። የእንስሳውን ነገር አላረጋገጠም፤ ሊያረጋግጥም አይችልም።

ለረጅም ርቀት የሚከራከሩ ሰዎች ባዶ እጃቸውን አይደሉም፤ የሚሉትን እንስማ። አንደኛ፣ በ80 ሜትር የሚለማመድ ሰው በ30 ሜትር ላይ የተረጋጋ ይሆናል ይላሉ። ትክክል ነው። ከላይ እንዳየነው የደጋን ጥመት የሚጋለጠው በሩቅ ነው፤ ስለዚህ በሩቅ መለማመድን እኛም እንደግፋለን። ሁለተኛ፣ የተካነ ሰው በ50 ሜትር የሚወረውረው ያልተካነ ሰው በ25 ከሚወረውረው ይሻላል ይላሉ። ይህም እውነትነት አለው፤ ቅርብ ሆኖ በግዴለሽነት የሚወረውር ሰው ከሩቅ ወርዋሪ ያነሰ ወቀሳ አይገባውም። ሦስተኛው ግን ልባችንን የሚያሳርፍ አይደለም። «እኔ የምችለውን ሠርቻለሁ፤ የቀረው ተወኩል ነው» የሚለው ነው።

ተወኩል ታላቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ በማን ላይ በሚደርስ አደጋ ነው የምንተወከለው? ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ የጠየቀውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጀመሪያ እንዲያስር እንዳዘዙት በቲርሚዚ ተዘግቧል። ያ ግመል የራሱ ንብረት ነበር፤ ቢጠፋ የሚጎዳው ራሱ ነው። እንዲያም ሆኖ እሰር ተባለ። በአደኑ ግን ፍላጻው ሲስት የሚቆስለው ወርዋሪው አይደለም። እሱ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ያዝናል፤ እራቱን ይበላል። ሆዱ የተወጋው አጋዘን ደግሞ በጫካ ውስጥ ለብዙ ሰዓት ይሠቃያል። በራሳችን ጉዳይ ላይ ለመተማመን ነፃ ልንሆን እንችላለን፤ በሌላ ፍጡር ሥጋ ላይ ግን «አላህ ያውቃል» ብሎ መልቀቅ፣ የራሳችንን ዕዳ በሌላ ስም እንደማስመዝገብ ነው። አንድ ሰው በሕይወቱ በብዙ ነገር እንዲህ ያደርጋል፤ መኪናውን ፍሬኑን ሳያስመረምር ሰው ጭኖ የሚነዳውም፣ ያልተማረውን መድኃኒት ለጎረቤት የሚያዝዘውም ከዚህ የራቁ አይደሉም።

ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) አንድ ቀን ወፍ አስረው ፍላጻ በሚወረውሩባት ወጣቶች አጠገብ አለፉ። ወጣቶቹ ለወፏ ባለቤት የሳተውን ፍላጻ ሁሉ ለመስጠት ተስማምተው ነበር። ኢብን ዑመርን ባዩ ጊዜ ተበታተኑ፤ እሳቸውም ነፍስ ያለውን ነገር ኢላማ ያደረገን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንደረገሙት ነገሯቸው። የወጣቶቹን ውል እንመልከተው። ሲስቱ ለባለቤቱ ፍላጻ ይከፍላሉ፤ ለወፏ ግን ምንም የተመደበ የለም። ሐላል አደን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው፤ አላህ ፈቅዶታል። ነገር ግን ወደ 70 ወይም 80 ሜትር ቆሞ «ይደርስ ይሆን?» ብሎ የሚለቅ ሰው፣ ልቡን ቢጠይቀው፣ ሥጋ ነው የሚፈልገው ወይስ የራሱን ችሎታ መሞከር? ሥጋ የፈለገ ሰው ጠጋ ለማለት ይሞክራል፤ ካልቻለም ነገ ይመለሳል። ችሎታውን ሊሞክር የፈለገ ሰው ግን አጋዘኑን ሳያውቀው ኢላማ አድርጎታል።

ርቀትን በራሱ መውደድ ነውር አይደለም። በኢስታንቡል «ኦክመይዳኒ» የሚባል ሜዳ አለ፤ ስሙ የፍላጻ ሜዳ ማለት ነው። ኦቶማኖች ከተማዋን በ1453 ከያዙ በኋላ ለቀስተኞች የተለየ ቦታ ነበር። እዚያ ፍላጻቸውን ከ800 ሜትር በላይ ያበረሩ ሰዎች ነበሩ፤ ፍላጻው ያረፈበት ቦታ ላይም የመታሰቢያ ድንጋይ ይተከል ነበር። ከድንጋዮቹ ጥቂቶቹ ዛሬም ቆመው ይታያሉ። ያ ሁሉ ርቀት ግን የተወረወረው ወደ ባዶ ሜዳ ነው። ፍላጻው ቢስት የሚያገኘው ሣር ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ቀስተኛ ለመባል ከኡስታዝ ፈተናና ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ደጋን ከሱቅ ገዝቶ በሳምንቱ ጫካ መግባት የሚቻልበት ዘመን ነው።

አንዳንድ አንባቢ «ታዲያ ከሩቅ የተመታው አጋዘን ሥጋው ሐራም ነው ልትሉን ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር አልተናገርንም። ሸሪዓ ለፍላጻ በሜትር የወሰነው ርቀት የለም። ቢስሚላህ ተብሎ፣ በስለት ተወግቶ የሞተ ሥጋው ይበላል፤ በሕይወት ከተደረሰበትም ይታረዳል። ዐዲይ (ረ.ዐ.) በጠየቁበት ሐዲስ ውስጥ፣ ተመትቶ ከጠፋ በኋላ በማግስቱ የተገኘ እንስሳ ከአዳኙ ፍላጻ በቀር ሌላ ምልክት ከሌለበት እንደሚፈቀድ፣ ውኃ ውስጥ ወድቆ ከተገኘ ግን እንደማይበላ ተመልክቷል፤ የገደለው ፍላጻው ይሁን ውኃው አይታወቅምና። ዝርዝሩን ለዑለማእ እንተወዋለን። እኛ የምንለው ሁለት ጥያቄዎች አሉ ነው። አንዱ «ይህ ሥጋ ይበላል ወይ?» የሚለው ነው። ሌላው «ይህ ፍላጻ መለቀቅ ነበረበት ወይ?» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ «አዎ» ስለሆነ ብቻ ሁለተኛው አይዘጋም። ሥጋው ሐላል ሆኖ አወራወሩ ወንጀል ያለበት ሊሆን ይችላል። ሥጋው የሚቀርብላቸው ሚስትና ልጆችም «እንዴት ሞተ?» ብለው የመጠየቅ መብት ያላቸው ይመስለናል።

በሱረቱል ማኢዳህ 94ኛው አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ.) ምእመናንን እጆቻቸውና ጦሮቻቸው በሚደርሱበት አደን እንደሚፈትናቸው ይናገራል፤ በሩቅ ሆኖ የሚፈራው ማን እንደሆነ ይለይ ዘንድ። አንቀጹ የወረደው በኢሕራም ላይ ሆኖ ማደን ስለተከለከለበት ሁኔታ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ትርጉሙን ከቦታው ማውጣት አንሻም። ነገር ግን ፈተናው ምን እንደሆነ እንይ። ፈተናው አደኑ መራቁ አይደለም፤ መቅረቡ ነው። እጅ የሚደርስበት ሆኖ እጅን መሰብሰብ ነው። የዛሬው ደጋን የእጃችንን ርዝመት ወደ 80 ሜትር አድርሶታል፤ እጅ የሚደርስበት ቦታ በረዘመ ቁጥር እጅን የመሰብሰቡ ፈተናም አብሮ ይረዝማል። ጫካ ውስጥ የሚያይ ሰው የለም። የሳተውን ፍላጻ፣ የጠፋውን አጋዘን ወርዋሪው ካልተናገረ ማንም አያውቅም። የመታውን ብቻ ፎቶግራፍ ያነሣል።

ስንት ሜትር ይሁን ለሚለን ወንድም ቁጥር አንሰጠውም፤ ቁጥሩ ከሰው ሰው፣ ከእንስሳ እንስሳ፣ ከነፋስ ነፋስ ይለያያል። የምንመክረው ልምምድ ግን አለ። ብዙ ሰው ሃያና ሠላሳ ፍላጻ ወርውሮ ክንዱ ከሞቀ በኋላ የሚያሳርፈውን እየቆጠረ ችሎታዬ ይህ ነው ይላል። በጫካ ግን ሃያ ፍላጻ የለም። ያለው የመጀመሪያው ፍላጻ ብቻ ነው፤ እሱም በቀዘቀዘ ክንድ፣ በወፍራም ልብስ፣ በሚመታ ልብ የሚወረወር። ስለዚህ ወቅቱ ከመከፈቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ጠዋት ከፈጅር ሶላት በኋላ፣ ብርሃን ሲወጣ፣ ደጋኑን ይዞ ወደ ኢላማው ይሂድ። የአደን ልብሱን ይልበስ። ባለ ስለቱን ጫፍ ይሰር። ሳይሟሟቅ አንድ ፍላጻ ብቻ ይወርውር፤ በእግሩ ሄዶም የት እንዳረፈ ይይ። ርቀቱንና ያረፈበትን ቦታ በደብተር ይጻፍ፤ የሳተውንም ሳይዘል። ከዚያ ደጋኑን ሰቅሎ ወደ ሥራው ይሂድ። በማግስቱ ሌላ አንድ ፍላጻ ይወርውር። ደብተሩንም ከደጋኑ ጋር ሳጥን ውስጥ ከሚቆልፍበት፣ ሥጋውን የምታበስለው ሚስቱ ልታነበው በምትችልበት ቦታ፣ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ቢያስቀምጠው ይሻላል።